ለጋሽ አበረ የወጣ ደረጃ

ሠራተኛ ያነሰው መሥሪያ ቤት አንዱን ሰው ጸሐፊም፣ ተላላኪም፣ ዘበኛም እንደሚያደርገው ሁሉ፣ አማርኛችንም አንዷን ቃል ለሦስት ሥራ ታሰማራታለች። ሥራ ከበዛባቸው ቃላት መካከል እንደ «ደረጃ» የበደለኝ የለም። ፎቅ የምንወጣበት ደረጃ ይባላል። አንድ ነገር «እንዲህ ሆኖ ይሠራ፣ ከዚህ አይነስ፣ ከዚያ አይብለጥ» ተብሎ ሲወሰንለትም ደረጃ ወጣለት ይባላል። ተማሪም ከክፍሉ ስንተኛ እንደሆነ የሚታወቀው በደረጃ ነው። ከሦስተኛው ጋር ተማሪ ቤት ሳለሁም አልተዋወቅንም። ከመጀመሪያው ጋር ያለንን ትውውቅ የግራ ጉልበቴ ጠባሳ ይመሰክራል። ጉድ የሠራኝ ግን መካከለኛው ነው።

ነገሩ በደርግ ዘመን ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የማመላለሻ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ሥራዬ የመጣውን ደብዳቤ ማንበብ፣ መልስ መጻፍና የመልሱን ቅጂ ፋይል ውስጥ መቅበር ነው። አለቃዬ ጓድ ይበልጣል ይባላሉ። እናታቸው ስም ሲያወጡላቸው ነገሩን ከወዲሁ ሳያውቁት አልቀሩም፤ ሰውየው በሕይወታቸው «ይበቃል» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ሁለት ገጽ ሪፖርት ብወስድላቸው «ሦስት ይሁን» ይላሉ። ሦስት ብወስድ ጎንደር ስንት ገጽ እንደላከ ይጠይቁኛል።

አንድ ቀን ታዲያ ከአዲስ አበባ «አስቸኳይ» የሚል ቀይ ማኅተም ያረፈበት ሰርኩላር መጣ። እንዲህ ይላል፦ «ከአንዱ ማመላለሻ ወደ ሌላው የሚዘዋወሩ አካለ ስንኩላን ያለ ችግር መጓጓዝ ይችሉ ዘንድ፣ ለአውቶቡስ፣ ለጋሪና ለጀልባ ደረጃ ተዘጋጅቶ በአንድ ወር ውስጥ ሪፖርት ይደረግ።»

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሦስት ጊዜ ማንበቤን ልብ በሉልኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ቸኩሎ ነው» ብላችሁ ታዝኑልኝ ነበር። ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ ሦስት ጊዜም ያው የሚወጣበት ደረጃ ነው የታየኝ።

«እግር ለሌለው ሰው ደረጃ ምን ይሠራለታል ብለህ አልጠየቅህም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ጠይቄያለሁ፤ በሆዴ። በዚያ ዘመን ከላይ በመጣ ወረቀት ላይ «ስንት?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «መቼ?» ማለትም አያስከፋም። «ለምን?» ግን ስብሰባ ታስጠራለች፤ ስብሰባው ደግሞ ሂስና ግለሂስ ያስከትላል። እኔ ከሂስ ደረጃ እመርጣለሁ ብዬ ወደ ጓድ ይበልጣል ገባሁ።

«ጓድ፣ ደረጃ ሥሩ ብለውናል» አልኋቸው።

«ስንት?»

«ሦስት። ለአውቶቡስ፣ ለጋሪ፣ ለጀልባ።»

«ጎንደር ስንት ሠራ?»

«አላውቅም፣ ጓድ።»

«እንግዲያው የኛ ከፍ ይበል» አሉና ፈረሙልኝ።

እንጨት ሥራ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ወደ ጣና ዳር ወረድሁ። ሼህ እንድሪስ የሚባሉ ጀልባ ሠሪ አሉ፤ አባታቸውም አያታቸውም ከዚያችው ዳርቻ ጀልባ ሲጠርቡ የኖሩ ናቸው። መጥረቢያቸውን ይዘው ከአንድ ግንድ ጋር ሲከራከሩ አገኘኋቸው። የምፈልገውን ነገርኋቸው።

«ለማን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«እግር ለሌላቸው ሰዎች።»

መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። «እግር ለሌላቸው ደረጃ?»

«አዎ፣ ሼህ።»

«ሱብሃነላህ!» አሉና ግንዱ ላይ ተቀመጡ። «እየው ልጄ፣ ጀልባም እግር የላትም። ዕድሜዬን ሙሉ ጀልባ ስሠራ አንድም ቀን በደረጃ አውርጃት አላውቅም። ግንድ አነጥፋለሁ፣ ቁልቁለቱን ለዘብ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ቀስ ብላ ትገባለች።»

«ልክ ነዎት፤ ግን ይኸ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው።»

«ከአዲስ አበባ ከሆነማ ምን እላለሁ!» አሉና መጥረቢያቸውን አነሡ። «ስንት እርከን ይሁን?»

«አራት ይበቃል።»

አራት ብሎ ቢቀር ኖሮ እኮ ደህና ነበር። ግን ወደ ቢሮ ስመለስ አውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ፣ ዋርካው ሥር፣ ጋሽ አበረን አገኘኋቸው።

ጋሽ አበረን ባሕር ዳር ውስጥ የማያውቃቸው ብስክሌት የለም፤ ሰውማ ሁሉ ያውቃቸዋል። ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ዓባይ በረሃ ላይ መኪናው ተገለበጠና ሁለቱም እግሮቻቸው ከጉልበት በታች ተቆረጡ። ከዚያ ወዲህ የብስክሌት ጎማ እየለጠፉ ይኖራሉ። ከአሮጌ ብስክሌቶች ቆራርጠው በእጅ የምትዘወር ባለ ሦስት ጎማ ወንበር ለራሳቸው ሠርተዋል። ፍሬን አላት፣ መብራት አላት፣ የጭነት መኪና ክላክስም አላት። ክላክሷን ሲነኳት የጋሪ ፈረስ ሁሉ መንገድ ይለቃል።

እኒህ ሰው ናቸው እንግዲህ ወደ አዲስ አበባ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩት። «አውቶቡሱም፣ ጋሪውም፣ ጀልባውም እንደኔ ያለውን ሰው ትቶ ይሄዳልና አንድ ደረጃ ይውጣልን» እያሉ ነበር የሚጽፉት። ማመልከቻዎቹን እዚህ ተቀብዬ ወደ ላይ የማሳልፈው እኔው ነኝ። አንዱንም ግን አንብቤው አላውቅም፤ የኔ ሥራ ቁጥር መስጠት ነበር።

«እንዴት ዋልህ ጓድ ጸሐፊ» አሉኝ። «ያቺ ማመልከቻዬ ምን ደረሰች?»

«ጋሽ አበረ፣ ምሥራች! ደረጃ እየተዘጋጀልዎት ነው» አልሁ።

የያዙትን ጎማ ጣሉት። «እውነትህን ነው? ደረጃ ሊወጣልኝ?»

«ሰርኩላሩ መጥቷል። አራት ነው ያሰብነው።»

«አራት?» ፊታቸው ጠቆረ። «ደረጃ አራት? እኔ ምን አድርጌ ነው አራተኛ ደረጃ የምታደርጉኝ? ከፍ ያለ ደረጃ ይሁን እንጂ!»

«ከፍ ያለ?»

«አዎና! ዝቅ ያለ ደረጃማ እስከ ዛሬም ነበረን።»

ይኼው ነው። እሳቸው ስለ አንዱ ደረጃ፣ እኔ ስለ ሌላው፤ ሁለታችንም በደስታ እየተሳሳቅን ተግባባን። ሰው ከተጣላ ይታረቃል፤ ተሳስቶ የተግባባን ሰው ግን ማን ያስታርቀዋል?

ደስ ሲላቸው ጊዜ ወደ ወንበራቸው ጠጋ አድርገውኝ ምሥጢራቸውን ነገሩኝ። ልጃቸው ጣና ማዶ ደልጊ ልትዳር ነው። ሚስታቸው ለድግሱ ቀድማ ሄዳለች። ወደ ደልጊ የሚወስድ አውቶቡስ የለም፤ ያለችው በሳምንት አንድ ቀን ጣናን አቋርጣ በደልጊ በኩል ወደ ጎርጎራ የምትሄደው ጀልባ ናት። ያቺ ካመለጠች ሠርጉም አመለጠ።

«ሰዎች ተሸክመው ያስገቡዎታል እኮ» አልኋቸው።

«አምና ተሸከሙኝ። እኔን እንደ ጆንያ ጀልባዋ ላይ ጣሉኝ፣ ወንበሬን ውሃ ውስጥ ጣሏት። ስትወጣ ዓሣ ይዛ ነው የወጣች። አሁን ግን ልጄን ልድር የምሄድ አባት ነኝ፤ ዕቃ አይደለሁም። በጎማዬ እገባለሁ፣ ያለዚያ እቀራለሁ።» ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «እግዜር ሲወስድ ከጉልበቴ በታች ወሰደ። ጉልበቴን ለምን የተወልኝ ይመስልሃል? ልጄ ስትዳር ጎንበስ ብላ የምትስመው ይኑራት ብሎ ነው።»

ይህን ሰምቼ በሩጫ ወደ ሼህ እንድሪስ ተመልሼ «የጀልባውን ሰባት ያድርጉት!» አልኋቸው። ማታ ለጓድ ይበልጣል ሪፖርት ሳደርግ ደግሞ «ሰባት ለምረቃ በዓል አይመጥንም» ተባልሁ። ዐሥራ አንድ ሆነ።

መጀመሪያ የተጠናቀቀው የአውቶቡሱ ደረጃ ነበር። ከአውቶቡሱ በር ጋር በመንጠቆ ይያያዛል፤ ከሥሩም እንዳይከብድ ብለን ትናንሽ ጎማዎች አደረግንለት። የጎንደሩ አውቶቡስ ሲመጣ አያያዝነው፤ ተሳፋሪውም እያደነቀ ወጣበት። ሾፌሩ ደረጃ እንደተያያዘበት የነገረው ሰው አልነበረም። ተነሥቶ ሄደ፤ ደረጃውም አብሮ ሄደ። እኔ ከኋላ ብስክሌት ተበድሬ «መንጠቆውን! መንጠቆውን!» እያልሁ ተከተልሁ። ሰዉ መንጠቆ የምሸጥ መስሎት ዋጋ ይጠይቀኛል። የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ዘንዘልማ ስደርስ ደረጃችን ከአንድ ገበሬ ጎተራ ጋር ተደግፎ፣ ዶሮዎች በየእርከኑ ሰፍረውበት አገኘሁት።

«የኔ ነው» አልሁ።

«በእግሩ ነው የመጣ» አለኝ ገበሬው። «የመጣን እንግዳ አባረን አናውቅም።»

ዶሮዎቹም እንደማይለቁ አይቼ ተመለስሁ። ጓድ ይበልጣል ነገሩን ሲሰሙ ጥቂት አሰቡና «ጥሩ ነው፣ አገልግሎቱ ወደ ገጠር ተስፋፍቷል ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ባይነቀል ኖሮ ማክሰኝት ደርሶ የጎንደርን ቅርንጫፍ ያሳፍር ነበር ብለው መቆጨታቸውንም አልደበቁም።

የጋሪውን ደረጃ ራሳቸው ሊሞክሩ ፈለጉ። ጋሪ ባለ ሁለት ጎማ ነው፤ ኋላው ሲከብድ ፊቱ እንደሚነሣ የባሕር ዳር ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ጓድ ይበልጣል ደግሞ ከበድ ያሉ ሰው ናቸው። በአራቱ እርከን ግርማቸውን ጠብቀው ወጡና የጋሪውን ጫፍ ሲረግጡ፣ ፈረሱ ሳያስበው የፊት እግሮቹ ከመሬት ተነሡ። እሳቸው በጀርባቸው ተንጋለው ሰማይ ያያሉ፤ ፈረሱም በበኩሉ ሰማይ ያያል። ባለጋሪው «ኧረ በእመብርሃን፣ ፈረሴን አውርዱልኝ!» እያለ ይጮኻል። በቃለ ጉባኤው ላይ «ደረጃው ብቁ ነው፤ ፈረሱ ግን ለአዲሱ አሠራር ዝግጁ ሆኖ አልተገኘም» ብዬ እንድጽፍ ታዘዝሁ፤ ጻፍሁም።

የቀረን የጀልባው ብቻ ነበር። ምረቃው ጀልባዋ በምትነሣበት ቀን ጠዋት እንዲሆን ተወሰነ። ዋዜማውን ሄጄ ሳየው፣ እውነቴን ነው፣ አማረብኝ። ዐሥራ አንድ እርከን፣ ግራና ቀኝ መደገፊያ፣ አናቱ ላይ «ወደፊት!» የሚል ሰፊ የመፈክር ሳንቃ ተገትሮበታል። ጫፉ ላይ ወጥቼ ጣናን ከነደሴቶቹ አየሁ። የጀልባዋን ካፒቴን በመስኮቱ በኩል ፊት ለፊት ሰላም አልሁት። ከዚያ ወደ ጀልባዋ ልገባ እግሬን ስሰድ፣ ወለሏ ከሥሬ አንድ የሰው ቁመት ያህል ርቆ ኖሯልና ወደቅሁ። ወደ ላይ የሚወጣበትን እንጂ ወደ ታች የሚወረድበትን ማናችንም አላሰብነውም። ያቺ የግራ ጉልበቴ የተቀደደች፣ ሱሪዬም አብሮ የተቀደደ፣ ያን ጊዜ ነው። ሌላ ሱሪ ስላልነበረኝ በማግስቱ በዚያችው መጣሁ።

ጠዋት የወደቡ ዳር በሰው ተሞላ። የፋብሪካ ሠራተኞች ከነቤተሰቦቻቸው፣ ዓሣ አጥማጆች፣ የጎርጎራ ነጋዴዎች ሁሉ አሉ። ከቢሮ መጋረጃ የተቀደደ ቀይ ጥብጣብ መጀመሪያው እርከን ላይ ተወጥሯል። እኔ መቀስ በሰሐን ይዤ ቆሜያለሁ። ጓድ ይበልጣል የንግግራቸውን ወረቀት ይቆጥራሉ። ያን ጊዜ ክላክሷ ጮኸች፤ ሰዉም ለሁለት ተከፈለ።

ጋሽ አበረ መጡ። ኮት ለብሰው፣ ነጭ ነጠላ ደርበው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ለልጃቸው የገዙትን ጃንጥላ ጭናቸው ላይ አጋድመው። ወንበሯ ራሷ ተወልውላ ታብረቀርቃለች። እየሳቁ እስከ ጥብጣቡ ድረስ መጡና ፍሬናቸውን ያዙ። ከታች ጀምረው ወደ ላይ አዩ። አንገታቸው እስከሚችለው ድረስ አዩ።

«የቱ ነው?» አሉኝ።

«ይኸ ነው፣ ጋሽ አበረ።»

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ደረጃ። ከፍ ያለ ይሁን ብለውኝ...»

  አንዲት ፍየል ጥብጣቡን በሥሩ አልፋ፣ አራት እርከን ወጥታ፣ ዞራ አየችን።

«ልጄ» አሉ ጋሽ አበረ በቀስታ፣ «ማመልከቻዬ ላይ ክንፍ አለኝ ብዬ ጽፌ ነበር እንዴ?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትሁ፤ ግን ፊታቸውን ሳይ መልሼ ዘጋሁት። እሳቸው አልሳቁም። ያቺ «ደረጃ» የምትባል ቃል ምን ማለቷ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሰርኩላሩም፣ የሼህ እንድሪስ ግንድም፣ ዋርካው ሥር ያወራነውም ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ባልጠላሁ። ጋሽ አበረ ጃንጥላውን ወደ እኔ ዘረጉልኝና «ይህን አድርስልኝ፤ አባትሽ ደረጃው ከበደው በላት» ብለው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ማዞር ጀመሩ።

ጃንጥላውን አልተቀበልሁም። እዚያው ሕዝብ መካከል «ሼህ እንድሪስ!» ብዬ ጮህሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ምን ይሻላል?»

ሼህ እንድሪስ ከጀልባዋ ወለል እስከ ወደቡ ድንጋይ ያለውን በክንዳቸው ለኩ። «አንድ ክንድ ነው» አሉ። «ለአንድ ክንድ ነው ዐሥራ አንድ እርከን ያሠራችሁኝ? እንጨቱንማ አምጥታችኋል፤ ያጠፋችሁት ማቆማችሁ ነው። ጀልባን እንደምሰድ ነው የምሰዳቸው። አፍርሱት።»

«አይፈርስም!» አሉ ጓድ ይበልጣል። «ገና አልተመረቀም! ያልተመረቀ ንብረት እንዴት ይፈርሳል? ምን ብለን ነው ሪፖርት የምናደርገው?»

ካፒቴኑ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ጆንያ ተጭኖ እንዳለቀ እንደሚነሣ ተናገረ። የቀሩት ጆንያዎች ሃያ አይሞሉም። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የምኮራበትን ነገር ያደረግሁት ያን ጊዜ ነው። ሰሐኑን ለጓድ ይበልጣል አቀረብሁና «ጓድ፣ እንግዲያውስ ይመርቁት» አልኋቸው። መቀሱን አነሡ፣ ጥብጣቡን ቆርጠው መቀሱን መለሱልኝ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ ሼህ እንድሪስ የመጀመሪያውን እርከን ነቀሉ። ያን ያህል ፈጥኖ ተመርቆ፣ ያን ያህል ፈጥኖ የፈረሰ ሥራ አገራችን ያየች አይመስለኝም።

ዓሣ አጥማጁም፣ የፋብሪካው ሠራተኛም፣ ነጋዴውም እጅጌውን ሰበሰበ። ሁለቱን ረጃጅም የጎን እንጨቶች ከወደቡ ወደ ጀልባዋ በር አጋደሟቸው፤ እርከኖቹን በላያቸው ላይ ለጥ አድርገው መቷቸው። ሼህ እንድሪስ በክንዳቸው እየለኩ «አልበቃም፣ አልበቃም» ይላሉ። ዳገት ሲረዝም ይለዝባል፤ ለአንድ ክንድ ከፍታ ዐሥር ክንድ ርዝመት ያስፈልጋል ነው የሚሉት። በኋላ ይህንኑ ጽፌ ወደ አዲስ አበባ ብልክ «ክንዱ የማን እንደሆነ ተጣርቶ ይገለጽ» የሚል መልስ መጣ። «የሼህ እንድሪስ ነው» አልሁ። «ሼህ እንድሪስ በሌሉበት ቦታስ?» አሉ። ለዚህች እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም።

የጎደለችውን ሦስት ክንድ የሞላናት በመፈክሩ ሳንቃ ነው። ጓድ ይበልጣል «መፈክር ላይ በጎማ ሊኬድበት!» ብለው ደነገጡ፤ ግን «ወደፊት» ላይ ወደ ፊት መሄድ ምን ጥፋት አለው? 

ጋሽ አበረ ነጠላቸውን አጣፉ። ክላክሳቸውን አንድ ጊዜ ነፉ። ከዚያ በሁለት እጃቸው እያሽከረከሩ፣ እኔ ከኋላ ላግዝ ብዬ ስጠጋ «እጅህን አንሣ!» ብለው ተቆጡኝና ብቻቸውን ወጡ። እንጨቱ ተንቋቋ፣ ሴቶች እልል አሉ። በሩን አልፈው ወለሏ ላይ ሲደርሱ ግን ወንበሯ በደስታዋ ብዛት ወደ ማዶው ጠርዝ ተንደረደረች። ሮጬ ገብቼ የኋላዋን ያዝኋት። እሷን ይዤ ስንገላታ የመጨረሻዋ ጆንያ ገብታ ኖሯል።

«እንጨቱን አብራችሁ ጫኑት!» ሲሉ ሰማሁ ሼህ እንድሪስ። «ደልጊ ላይ በምን ሊወርዱ ነው? መግቢያ ሠርቶ መውጫ የሚረሳ የናንተ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው!»

እንጨቱ ተጫነ፣ ጀልባዋ ጮኸች፣ ወደቡ ራቀ። እኔ ጀልባዋ ላይ ነኝ። ኪሴ ውስጥ ያለው የመሥሪያ ቤቱ መቀስ ብቻ ነው። ጓድ ይበልጣል ከዳርቻው ላይ ወረቀታቸውን እያውለበለቡ «መፈክሩን! መፈክሩን መልሱ!» ይላሉ።

«ወደፊት ይላል እኮ ጓድ!» አላቸው ካፒቴኑ። «ወደ ኋላ አልልም!»

በማግስቱ ደልጊ ደረስን። ጋሽ አበረ በዚያችው ሳንቃ ወረዱ፤ ሙሽሪት ገና ከሩቅ ክላክሷን ሰምታ በሩጫ ወጣች ተባለ። እኔ በሚቀጥለው ሳምንት እስክመለስ የምሄድበት ስለሌለኝ ያልተጠራሁበት ሠርግ ላይ ከነቀዳዳ ሱሪዬ ዳስ ጥግ ተቀመጥሁ።

በሠርጉ ቀን ሙሽሮቹ ለምርቃት መጡ። ልጅቱ አባቷ ፊት ስትደርስ ቆመች። የሌለውን እግር ለመደበቅ እንደሁልጊዜው ጋቢ ጣል አድርገውበት ይሆናል ብላ ነው መሰል፣ ዓይኗን ወደ ታች ለመላክ ፈራች። ጋሽ አበረ ግን ሸፋፍነው አልጠበቋትም፤ ሁለቱን ጉልበቶቻቸውን ወደ ፊት ገፋ አድርገው ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብላ ቀኙን ሳመች፣ ግራውን ሳመች፣ ከዚያ ተነሺ እስክትባል እዚያው ቀረች። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ሲመርቋት ድምፃቸው ተሰበረ። እኔም አለቀስሁ፤ ምን አሳፈረኝ?

ሙሽሮቹ ሊያልፉ ሲሉ «ቆዩ» አሉና ወደ ጥጉ አመለከቱ። «የዚያንም ሰውዬ ጉልበት ሳሙ።»

«ኧረ ጋሽ አበረ! እኔ ምን ሠራሁና? አሳሳትሁዎት እንጂ!» ብዬ ብድግ አልሁ።

«ቁጭ በል! እንዳዘዙህ ወረቀት ብትጽፍ ኖሮ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ እኔም ዋርካው ሥር። በወረቀት ላይ ጎማ አይሄድ። እንኳን ተሳሳትህ፣ እንጨት አመጣህልኝ።»

ሙሽሪት ጎንበስ ብላ የግራ ጉልበቴን በቀዳዳው በኩል፣ ከነቁስሏ፣ ሳመችኝ።  ከዚያ ወዲህ ፎቅም ወጥቻለሁ፣ ሹመትም አግኝቻለሁ፤ ከዚያች የዳስ ጥግ አግዳሚ የበለጠ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ግን ወጥቼ አላውቅም።